ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሞተር ዕቃን እንዴት እንደሚያጥብ

በምዕራብ ጎንደር ቈላ፣ በአብደራፊ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻዎች፣ መንገዱ ሩቅ ዐፈሩም ጥቍር መረሬ ነው። ይህ ዐፈር በክረምት እንደ ሊጥ እየተጣበቀ ጎማ ይይዛል፤ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጣጠቅና የላመ ዐቧራ ይኾናል። እንዲህ ባለ አገር ሞተር ቢሲክሌት የጌጥ ዕቃ አይደለም። ለእርሻ ሠራተኛው ስንቅና ውሃ ያደርሳል፤ ነጋዴውን ከገበያ ያገናኛል፤ ከዚህም ኹሉ ይልቅ የታመመውን ሰው ወደ ሐኪም ያደርሳል። በዚህ ቈላ ካላዛር የሚባለው በሽታና የእባብ መርዝ ሰውን እጅግ ይጎዳሉ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር ለእነዚህ ኹለት ሕመሞች በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት ሕክምና የሰጠውም ስለዚሁ ነው። እባብ የነደፈው ሰው ከእርሻ ወደ ሐኪም እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት ሕይወቱን ሊወስን ይችላል። ስለዚህ የሞተሩን ንጽሕና የሚጠብቅ ሰው የሌላውን ሕይወት እንደ ጠበቀ ይቈጠራል።

ዛሬ የምንማረው ይህን ንጽሕና በአልትራሶኒክ ማጠቢያ እንዴት እንደምንጠብቅ ነው። አልትራሶኒክ ማለት የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው በላይ የኾነ ድምፅ ማለት ነው።

ሞተር ስለ ምን ይታፈናል

በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ቢሲክሌቶች ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ዕቃ ካርቡራቶር ይባላል። በካርቡራቶሩ ውስጥ ጂግለር የሚሉት የናስ ቍራጭ አለ፤ ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፈው በዚህ ናስ ቀዳዳ ነው። ዋናው ጂግለር ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚያገለግለው ትንሹ ጂግለር ግን ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ከፊቱ ብትቀመጥ ትልቅ ድንጋይ ትመስላለች።

ሞተሩ በክረምት ጭቃ ምክንያት ለብዙ ሳምንት ሳይነሣ የቈመ እንደ ኾነ፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ጥቂት በጥቂት ይተንና ዝቃጩ ይቀራል። ይህም ዝቃጭ ከዕጣን ዛፍ እንደሚፈስሰው ሙጫ ይጠነክርና ቀዳዳውን ይደፍናል። የበጋው ዐቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ድፍኑ ይብሳል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ በግድ ይነሣል፤ ቢነሣም እየተንተፋተፈ ይጠፋል።

ሽቦና ቤንዚን የሚያመጡት ጕዳት

ብዙ ሰዎች የተደፈነውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይጐረጕራሉ። ይህ ልማድ መልካም አይደለም። ናስ ለስላሳ ስለ ኾነ የብረት ሽቦ ይፍቀዋል። ነገሩን በሒሳብ እንመልከት። የቀዳዳው ወርድ 0.40 ሚሊሜትር ነበረ፤ ከተጐረጐረም በኋላ 0.44 ሚሊሜትር ኾነ እንበል። ይህ ጭማሪ ለዐይን አይታይም። ነገር ግን ወርዱ 1.1 ጊዜ ስላደገ፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበት የክቡ ስፋት 1.1 በ1.1 ተባዝቶ 1.21 ጊዜ ያድጋል። ይኸውም ከ100 እጅ 21 እጅ ጨመረ ማለት ነው። እንግዲህ ሞተሩ ያለ መጠን ቤንዚን ይጠጣል፤ ጥቍር ጢስ ያወጣል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። ባለቤቱም ሞተሩ ታጠበልኝ ሲል በየቀኑ ገንዘቡን ያጣል።

ኹለተኛው ልማድ ዕቃውን በቤንዚን ማጠብ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያህል በኾነ ብርድ እንኳ በእሳት የሚያያዝ ተን ያወጣል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቈላማ አገርማ ምን ያህል ይተን! ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ በመሬት ላይ ይሳባል፤ ራቅ ብሎ ያለ የከሰል ምድጃ ወይም ሲጋራ ሲያገኝም በድንገት ይነዳል። ከዚህም በቀር ቤንዚን የእጅን ቈዳ ያደርቃል፤ ሽታውም ራስን ያዞራል።

ድምፅ ምንድር ነው

የመሰንቆ አውታር በደጋኑ ሲመታ ይርገበገባል፤ እርግብግብታውም አየሩን እየገፋ ወደ ጆሮ ይደርሳል፤ ይህንኑ ድምፅ እንለዋለን። አውታሩ ሲወጠር እርግብግብታው ይፈጥናል፤ ድምፁም ይቀጥናል። የሰው ጆሮ በአንድ ሴኮንድ ከ20 እስከ 20000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ይሰማል፤ ከዚህ በላይ ያለውን ግን አይሰማም። የሌሊት ወፍ በጨለማ ሲበር ግድግዳና ዛፍ የማይመታው፣ ለእኛ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ አውጥቶ የገደል ማሚቶውን ስለሚያዳምጥ ነው።

የምንናገርለት ማጠቢያ የማይዝግ ብረት ገንዳ ነው። ከገንዳው ሥር የኤሌክትሪክ ኀይል ሲደርሰው የሚያብጥና የሚኰማተር የሸክላ ዓይነት ዝርግ ቍራጭ ተጣብቆበታል። ይህ ቍራጭ በብዙዎቹ ማጠቢያዎች በሴኮንድ 40000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ገንዳውንና በውስጡ ያለውንም ውሃ ያርገበግባል።

ውሃው እንዴት ያጥባል

ውሃ በአንድ ጊዜ ተስቦ በአንድ ጊዜ ሲገፋ፣ በተሳበበት ቅጽበት በውስጡ ከዐይን የሚሰወሩ ትንንሽ ባዶ አረፋዎች ይፈጠራሉ። በተገፋበት ቅጽበት ደግሞ ውሃው ከየአቅጣጫው ወደ ባዶው ስፍራ ይሮጥና አረፋው ይፈርሳል። በፈረሰ ጊዜ በዙሪያው ያለውን እድፍ እንደ ትንሽ መዶሻ ይመታዋል። ጀበና ከመፍላቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚያሰማውን ድምፅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ፤ እርሱም ከታች የሚነሡት አረፋዎች ገና ወዳልሞቀው ውሃ ሲደርሱ እየፈረሱ የሚያሰሙት ነው። በገንዳውም የሚኾነው ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን ቍጥሩ እጅግ የበዛ ነው። ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ኹሉ አረፋም ይፈጠርበታልና፣ ቡሩሽና ሽቦ የማይደርሱበት ስፍራ በዚህ ይታጠባል፤ ናሱም አይፋቅም።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ወንድማማቾቹ ፈረንሳውያን ዣክ ኩሪና ፒየር ኩሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. አንዳንድ የድንጋይ ብልጭታዎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ ገለጡ፤ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅርጻቸው እንደሚለወጥ በሙከራ አረጋገጡ። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንፋሎት መርከቦች ፍጥነት በጨመረ ጊዜ፣ ውሃውን የሚቀዝፈው የብረት መዘውር በአረፋ መፍረስ እየተበላ ይበላሽ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊም በ1917 ዓ.ም. አረፋ ሲፈርስ የሚወለደውን ብርቱ ግፊት በሒሳብ አስረዳ። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቨን በባሕር ውስጥ የተሰወሩ መርከቦችን ለማግኘት የማይሰማውን ድምፅ በውሃ ውስጥ ላከ፤ በሙከራውም አጠገብ የነበሩ ትንንሽ ዓሣዎች ይሞቱ፣ እጁን ያገባም ሰው ሕመም ይሰማው ነበር። እንግዲህ መርከብን ያበላሽ የነበረው ኀይል በልክ ሲያዝ የሚያጸዳ ኀይል ኾነ። ዛሬ ሐኪም ቤቶች የቀዶ ሕክምና መሣሪያን፣ ወርቅ ሠሪዎችም ጌጥን በዚህ ያጥባሉ።

የአሠራሩ ሥርዐት

1ኛ፤ ካርቡራቶሩን ፈትቶ ጓርኒሲዮኑን፣ ላስቲኩንና የፕላስቲኩን ተንሳፋፊ ለይቶ ማስቀመጥ። ቡሎኑና ዳዶው እንዳይጠፉ በየተራቸው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ።

2ኛ፤ ቤንዚኑን ፈጽሞ ማንጠፍጠፍና ዕቃውን በነፋስ ማድረቅ፤ ከዚያም ወፍራሙን ጭቃ በሳሙናና በቡሩሽ አስቀድሞ ማጠብ። ጭቃው በገንዳው ከገባ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ከሥርም ተቀምጦ ብረቱን ይፍቃል።

3ኛ፤ ገንዳውን እስከ ምልክቱ በንጹሕ ውሃ ሞልቶ ጥቂት ለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መጨመር። ውሃው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ቢሞቅ መልካም ነው። የመብራት ኀይል ለመቈጠብ ውሃውን አስቀድሞ በእሳት አሙቆ መጨመር ይቻላል።

4ኛ፤ ዕቃውን ከማግባት በፊት መሣሪያውን ባዶ ውሃ ይዞ 5 ወይም 10 ደቂቃ ማሠራት። በውሃው ውስጥ ያለው አየር በዚህ ይወጣል፤ አየር ያልወጣለት ውሃ የአረፋውን ምት ያደክማል።

5ኛ፤ ዕቃውን በወንፊት ቅርጫት አድርጎ ማንጠልጠል፤ በገንዳው ወለል ላይ ግን አለማስቀመጥ። ትንንሾቹን ጂግለሮች ውሃና ሳሙና በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ብርጭቆውን በገንዳው ማቆም ይቻላል፤ ድምፁ በብርጭቆው ያልፋልና።

6ኛ፤ 5 ወይም 10 ደቂቃ አሠርቶ፣ አጥፍቶ፣ መመልከት፤ ከዚያም ዕቃውን አገላብጦ መድገም። መገላበጡ ምክንያት አለው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 1500 ለ40000 ሲካፈል የአንዱ ማዕበል ርዝመት 3.75 ሴንቲሜትር ይኾናል፤ ብርቱውና ደካማው ስፍራም በየ2 ሴንቲሜትር ያህል ይፈራረቃል።

7ኛ፤ ዕቃውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ ቀዳዳውን በአየር ነፍቶ፣ አድርቆ መግጠም። የሚዝግ ብረት ከኾነ ወዲያው ዘይት ይቀባል።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያ

ከኹሉ በላይ ይህ ይታወቅ፤ ቤንዚን፣ ላምባ፣ አልኮልም ቢኾን፣ በእሳት የሚያያዝ ማንኛውም ፈሳሽ በገንዳው ውስጥ በፍጹም አይጨመርም። መሣሪያው ይሞቃል፤ ኤሌክትሪክም በውስጡ አለ፤ ድምፁም ፈሳሹን ወደ ተን ይለውጠዋል። ቤንዚን በእጅ ሲያጥቡበት የሚያስፈራ ከኾነ፣ በዚህ ገንዳ ሲገባ ግን እሳትን በገዛ እጅ እንደ መጥራት ነው። በብርጭቆ ውስጥ አድርጌዋለሁ ማለትም አያድንም፤ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ተኑም ይወጣል።

በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳና የባትሪ አሲድም አይጨመሩም፤ የካርቡራቶሩን አሉሚኒየም ይበላሉ። ሽፋኑ የተዘጋ ኩሽኔታ አይገባም፤ ውሃ ይገባዋል፣ ቅባቱም ይበላሻል። ቀለሙ የተላጠ ወይም ኒኬሉ የተነሣ ዕቃ ሲገባ ይብስበታል። መሣሪያው ሲሠራ እጅ አይገባበትም፤ ያለ ውሃም አይነሣም። ውሃ ሲሞላና ሲደፋ የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀላል። ሥር የሰደደ ዝገትንም ድምፅ ብቻውን አይነቅልም። ዘይት የነካው እጣቢ ወደ አንገረብ ወይም ወደ ጓንግ ወንዝ፣ ከብትም ወደሚጠጣበት ኵሬ አይደፋም።

ሙከራ

መምህሩ መሣሪያውን ባገኘ ጊዜ፣ ለምግብ መጠቅለያ የሚኾን ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት በውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጎ አንድ ደቂቃ ያህል ያንጠልጥል። ተማሪዎች ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ተቦርቡሮና ተነድሎ ያገኙታል። ንድሉ በየስፍራው ከተዳረሰ መሣሪያው ደኅና ነው፤ ምንም ካልተነደለ ግን ደክሟል።

መሣሪያው ያልተገኘ እንደ ኾነ

ገንዳው በየመንደሩ አይገኝም፤ ስለዚህ ብዙ ጋራዦች ተባብረው አንዱን በጋራ ቢገዙ ይጠቅማል። እስኪገኝ ድረስ ጂግለሩን በሞቀ የሳሙና ውሃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፣ ለመሰንቆ አውታር በሚኾነው የፈረስ ጭራ ቀዳዳውን መሳብና በጎማ መንፊያ መንፋት ይቻላል። ጭራ ናስን አይፍቅም። ሞተሩ ለክረምት ሲቆምም የካርቡራቶሩን ቤንዚን አስቀድሞ ማንጠፍጠፍ ይገባል፤ እድፍ እንዳይገባ መከላከል ከማጠብ ይቀላልና።

ተማሪዎች ሆይ፤ ዕውቀት የሚፈተነው በሥራ ነው። ከእናንተ አንዱ ነገ በአብደራፊ ጋራዥ ውስጥ ካቻቪቴ ይዞ ይቀመጥ ይኾናል። በዚያን ቀን የሚያጥበው ጂግለር፣ በሌሊት የታመመ ሰው ጭኖ የሚሮጥ ሞተር ሊኾን እንደሚችል ያስብ፤ ሽቦውን ይተው፤ ቤንዚኑንም ከገንዳው ያርቅ።

ጥያቄዎች

1. የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከስንት እስከ ስንት እርግብግብታ ይሰማል?
2. የቀዳዳው ወርድ ከ0.50 ወደ 0.60 ሚሊሜትር ቢሰፋ፣ የቤንዚኑ መተላለፊያ ስንት ጊዜ ያድጋል?
3. ዕቃው ከመግባቱ በፊት ውሃው ብቻውን የሚሠራው ስለ ምንድር ነው?
4. በገንዳው ውስጥ ቤንዚን የማይጨመርበትን ምክንያት ዘርዝሩ።
5. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያለ ሞተር ለክረምት ሲቆም ምን ይደረግለታል? ጠይቃችሁ ጻፉ።