ቤቱን ቀድመሽ እዪ

ልጄ፣ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ማገልገል መጀመርሽን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በማኅበራዊ ሠራተኝነት ጨርሻለሁና ጥቂት ነገር አደራ ልበልሽ።

1. ሰውየው ገና አልጋ እንደያዘ ስለ ቤቱ ጠይቂ። በሩ ዊልቸር ያስገባል? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? ስንት ደረጃ ይወጣል? ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ዊልቸር ብቻ ሰጥተሽ ብትሸኚው ከዚያ ቤት አይወጣም። ምድር ላይ ያለ ቤት መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ ከሆስፒታል የመውጫው ቀን ከተቆረጠ በኋላ ብትጀምሪ አይደርስልሽም። ሄደሽ እዪ፤ ካልተቻለ ዘመድ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያምጣልሽ።

2. ሌሊት ማን እንደሚያገላብጠው ስሙን ጽፈሽ ያዢ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ብዙዎችን የነጠቁን የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ናቸው። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ሲከፍት፣ እንዲህ ያለ ጉዳተኛ ብዙ አይቆይም ይባል ነበር። እሱ ግን ቀንም ሌትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፤ ሥራም ስፖርትም ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዐሥራ ስድስት ጉዳተኞች በቀስት የተወዳደሩበት ቀን የፓራሊምፒክ መነሻ ሆነ። ሁሉም የቆመው በዚያ ማገላበጥ ላይ ነው። በእኛ ቤት ይህን ሁሉ አንዲት እናት ብቻዋን ትሸከማለች፤ አትችለውም። ወንድሞችንና እህቶችን ሰብስበሽ ተራ አውጪላቸው፣ በወረቀት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። የማይሰማውን እግሩን ከከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳያደርጉትም ንገሪያቸው፤ ሲቃጠል አያውቅም።

3. ቤተሰብ «እንዳትነግሩት» ይልሻል። መራመድ አለመራመዱን የሚነግረው ሐኪሙ ነው፤ የአንቺ ድርሻ ያን ቀን የሚወደው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ማድረግ፣ ሐኪሙ ከወጣ በኋላም መቀመጥ ነው። በአገራችን መርዶ ለብቻ አይረዳም።

4. ጠበል እንሂድ ካሉ አትከራከሪ። ካቴተሩን፣ መድኃኒቱንና የመቀመጫ ፍራሹን ይዘው ይሂዱ፤ ማገላበጡ እዚያም አይቋረጥ።

5. ከሕንፃ ላይ ለወደቀ የቀን ሠራተኛ ማስረጃው ሳይበተን ድረሺለት። ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ስማቸውንና ስልካቸውን፣ የአሠሪውንም ስም ጻፊ። የተፈረመ ውል ባይኖረውም መብቱ አይጠፋም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ የተጎዳ፣ በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ካሳ ይገባዋል። መኪና ለገጨው ደግሞ ቤተሰቡ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያውጣለት፤ የሦስተኛ ወገን መድን ያለዚያ አይከፍልም።

6. ስለ ትዳር ለመነጋገር አትፈሪ። ሰዎቹ የሚጨነቁበትን እኛ በእፍረት እናልፈዋለን፤ ይህ ልክ አይደለም። ሽባ የሆነች ሴት ትፀንሳለች፣ ትወልዳለች። ምጡ ላይሰማት ስለሚችል ክትትሉን ቀደም ብላ ትጀምር።

7. ጉዳተኛውን ከእሱ በፊት ተጎድቶ ዛሬ በዊልቸር ሥራ ከሚሄድ ሰው ጋር አገናኚው። ያ ሰው በአንድ ሰዓት የሚሰጠውን ተስፋ እኔና አንቺ በወር አንሰጥም።

ልጄ፣ ጉዳተኛው ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ከቀጠሮው ከቀረ ፋይሉን እንዳትዘጊ። ደውዪ፤ ስልኩ ካልተነሳ ሂጂና በሩን አንኳኪ።