የዕረፍት ቀን በጊች

ሀ. መግቢያ

መንገደኛ ስለ ጉዞው ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ የሚተርከው የተጓዘበትን ቀን እንጂ ያረፈበትን አይደለም። ይሁን እንጂ በከፍተኛ ስፍራ ለሚጓዝ ሰው ዕረፍት ራሱ የጉዞው አንድ ክፍል ነው። የሚከተለው ምንባብ አንድ ተማሪ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በጊች ያሳለፈውን የዕረፍት ቀን ይገልጻል። በጥሞና አንብቡት፤ በምታነቡበትም ጊዜ «ነበር» የሚለው ቃል የሚገኝባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. አምስት ጓደኛሞች ከጎንደር ተነሥተን በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ተጓዝን። ለሆቴል የምንከፍለው ገንዘብ ስላልነበረን ድንኳን ተከራየን፤ በሶ፣ ሽሮና ቆሎ በአንድ በቅሎ ጫንን። በፓርኩ ደንብ መሠረትም አንድ የታጠቁ ጠባቂ ከእኛ ጋር ወጡ። የመጀመሪያውን ሌሊት በሳንቃበር አደርን። በማግስቱ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን፣ ማምሻውን 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጊች የመንገደኞች ማረፊያ ደረስን።

ሌሊቱን ራሴን ሲፈልጠኝ አደረ። እራት አልበላልኝም ነበር፤ እንቅልፍም በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ ጓደኞቼ «እሜት ጎጎ ወጥተን በዚያው ወደ ጨነቅ እንዝለቅ» ሲሉ ሕመሜን ደብቄ ጫማዬን አጠለቅሁ። ጠባቂው ግን ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ራስህን ያምሃል?» አሉኝ። መዋሸት አልቻልሁም።

«እንግዲያስ ዛሬ ከዚህ አንነቃነቅም። ተራራው ነገም ከቦታው አይጠፋም» አሉና ተቀመጡ።

አንዱ ጓደኛችን «ጋሼ፣ የያዝነው ስንቅ ለአራት ቀን ብቻ ነው» ብሎ ተከራከረ።

«ስንቅ ቢያልቅ ከሰው ይለመናል፤ ትንፋሽ ግን አይለመንም» ሲሉ መለሱለት።

ከዚያ በኋላ ቀኑ በዝግታ ያልፍ ጀመር። ፀሐይ ውርጩን ስታቀልጥ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል እየወጡ ሣር ይነጩ ነበር። ቁራዎች በድንኳናችን ዙሪያ ያንዣብቡ ነበር። እኛም ውሃ እየጠጣን በጅብራዎቹ አጠገብ ተቀምጠን እናወጋ ነበር።

ከቀትር በኋላ ራስ ምታቱ ሲለቀኝ ጠባቂው ቀስ እያደረጉ ወደ አንድ ሜዳ ወሰዱኝ። በዚያ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ይታያል። «ቤቴ ይህ ነበር» አሉኝ። መሬቱ በእርሻና በግጦሽ ብዛት ስለ ተጎዳ የጊች መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን ሰምቼ ነበር፤ ከተዛወሩት ከአንዱ ጋር ስነጋገር ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ቀድሞ ገብስ ይበቅልበት የነበረው ማሳ ጦሙን አድሮ ሣር ለብሷል።

«መሬቱም እንደ አንተ ዕረፍት ፈልጎ ኖሯል» አሉ። «አልከፋኝም አልልም፤ አላማርርምም። ከተማ ስሆን ጊች ይናፍቀኛል፤ ጊች ስመጣ ደግሞ የምገባበት ቤት የለኝም።» የምመልሰው ቃል አጣሁ።

በማግስቱ ሕመሙ ስለ ተወኝ እሜት ጎጎ ወጣን። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ገደል እጅግ ያስደንቃል። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ያንን ያረፍንበትን ቀን ነው።

ሐ. ማብራሪያ

በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ በቆላም በደጋም አንድ ነው። ነገር ግን ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየር ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ በ3,600 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ከምናገኘው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ሰውነት ይህን እስኪለምድ ድረስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚጓዝ ሰው የሚያድርበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲያርፍ ይመከራል። ራሱን የሚያመው ሰው እስኪሻለው ወደ ላይ መውጣት የለበትም። ሕመሙ ከጠናበት፣ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ አለበት።

መ. ሰዋስው

በምንባቡ ውስጥ ያለፈ ድርጊት በሦስት መንገድ ተገልጿል።

1. ተፈጽሞ ያበቃ ድርጊት፦ «ተከራየን»፣ «ጫንን»፣ «አደርን»። እነዚህ ግሦች ትረካውን ወደ ፊት ይገፋሉ።

2. ባለፈው ጊዜ ሲቀጥል ወይም ሲደጋገም የቆየ ድርጊት፦ «ይነጩ ነበር»፣ «ያንዣብቡ ነበር»፣ «እናወጋ ነበር»። እነዚህ ትረካውን አቁመው ሁኔታውን ያሳያሉ። የዕረፍቱ ቀን የተገለጸው በእነዚህ መሆኑን አስተውሉ።

3. ከሌላ ያለፈ ድርጊት አስቀድሞ የተፈጸመ ድርጊት፦ «ሰምቼ ነበር»። ተራኪው ወሬውን የሰማው ወደ ሜዳው ከመሄዱ በፊት ነው።

ሠ. መልመጃ

1. ጎንደር 2,100 ሜትር፣ ሳንቃበር 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በማብራሪያው ከተሰጠው ምክር ጋር በማነጻጸር ተራኪው የታመመበትን ምክንያት አስረዱ።

2. «ትንፋሽ ግን አይለመንም» የሚለውን አነጋገር በራሳችሁ ቃላት አብራሩ።

3. «ጦሙን ያደረ ማሳ» ምን ማለት ነው? በዓረፍተ ነገር አስገቡት።

4. የሚከተሉትን ግሦች በተራ ቁጥር 2 በተገለጸው መንገድ ለውጡ፦ ሀ) ዘነበ ለ) ተጫወቱ ሐ) ጠበቅን መ) አለቀሰች።

5. ጠባቂው ለመሬቱ ዕረፍት ማግኘት ይደሰታሉ ወይስ ያዝናሉ? ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ በቡድን ተወያዩ።

6. በመንገድ፣ በሥራ ወይም በሕመም ምክንያት ለማረፍ የተገደዳችሁበትን አንድ ቀን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ እንድታርፉ ያስገደዳችሁን ምክንያት፣ በሁለተኛው በዙሪያችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን፣ በሦስተኛው ከቀኑ ያተረፋችሁትን ግለጹ። በሁለተኛው አንቀጽ ቢያንስ አራት ጊዜ «ነበር»ን በተገቢው መንገድ ተጠቀሙ።