የወፈረ ልብ

ጡንቻ በወፈረ ቁጥር ይበረታል የሚለው እምነት ለልብ አይሠራም። ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር በሊዮን ከተማ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት ማርክ ቪቪየን ፎዬ የተባለው የካሜሩን ተጫዋች ማንም ሳይነካው በሜዳው ላይ ወደቀ፤ በ28 ዓመቱም ሕይወቱ አለፈ። አስከሬኑ ሲመረመር የግራው የልብ ክፍል ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሮ ተገኘ።

የዚህ ክፍል ግድግዳ በጤነኛ ሰው ከ12 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በሕመምተኛ ግን 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የወፈረው ግድግዳ እንደሚገባ ስለማይላላ ልብ በቂ ደም መቀበል ይሳነዋል።

በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል። የወፈረው የልብ ወገብ ሲኮማተር በጫፉ በኩል ያለው ደም ይታፈናል። ግፊቱ ለዓመታት ሲደጋገም የጫፉ ግድግዳ ይሳሳል፣ ጠባሳ ይሆናል፣ በመጨረሻም እንደ ፊኛ ወደ ውጭ ይነፋል። በዚያ የተኛው ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከጠባሳው የሚነሣው የልብ ምት መዛባት ግን ይብሳል፤ በድንገት ይገድላልና።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በዘር ይተላለፋል፤ ከወላጆቹ አንዱ ካለበት ልጅ የመውረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ሲሮጥ ራሱን የሚስት ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ዘመድ ያለው ተማሪ ልቡን በድምፅ ሞገድ መሣሪያ መመርመር ይገባዋል።

ጥያቄ፦ «ይሳሳል» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ምን ማለት ነው? ተቃራኒውንስ ከምንባቡ አውጡ።