ሁሉም ከተናገረ ማን ይሰማል? መልእክት ከመኪና ወደ መኪና

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ኩርባው ይበዛል። ከኩርባው ጀርባ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቢቆም ረዳቱ ቅጠል ቆርጦ፣ ድንጋይ ደርድሮ ከኋላ የሚመጣውን ያስጠነቅቃል። አይቶት ያለፈ ሾፌርም በተቃራኒ ለሚመጣው መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል። ዛሬ መኪኖች የስልክ ማማ ሳያስፈልጋቸው እርስ በርስ በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገሩበት ቴክኖሎጂም ዓላማው ይኸው ነው። 802.11ፒ የተባለው የግንኙነት ደረጃ ለዚህ አገልግሎት የጸደቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነበር።

የአንዱ ሬዲዮ 300 ሜትር ይደርሳል እንበል። ማስጠንቀቂያው 3 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ ሌሎች ተቀብለው መድገም አለባቸው። በዚያ ርቀት ውስጥ ያሉት 60 መኪኖች ሁሉ ቢደግሙት ግን ሞገዶቹ ይጋጫሉ፤ መልእክቱም ሳይሰማ ይቀራል። የታይዋን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ይህን ችግር «የስርጭት ማዕበል» ብለው ሰየሙት።

መፍትሔውን በጉራጌ ጀፎረ ላይ እናስበው። ጀፎረ ቤቶች ግራና ቀኝ የተሰለፉበት ሰፊ የመንደር ጎዳና ነው። ከአንዱ ጫፍ ሰው ቢጣራና የሰማው ቤት ሁሉ ቢጮህ ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ድምፁ ከደረሰበት ከመጨረሻው ቤት አንድ ሰው ቢቀበልና ቢያስተላልፍ ግን መልእክቱ በጥቂት ቅብብል መንደሩን ያዳርሳል።

መኪኖች የመጨረሻው ማን እንደሆነ የሚያውቁት በመጠበቅ ነው። መልእክቱ የላኪውን ቦታ ይዞ ይመጣል፤ ተቀባዩም የራሱን ቦታ ከሳተላይት ያውቃል። ከላኪው ርቆ የሰማ ለአፍታ፣ ቀርቦ የሰማ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል። የሚጠብቁት የሰከንድ ሽራፊ ነው። ሩቁ ቀድሞ ሲናገር ሌሎቹ ሰምተው ዝም ይላሉ። ሩቁ ካልተናገረ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ይተካዋል። እንዲህ ከሆነ 60 ጊዜ ይባል የነበረው በ10 ወይም ትንሽ በለጥ ባለ ቅብብል ያልቃል።

ይህ ዘዴ የሚጠቅመው መኪና ሲበዛ ነው፤ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ባጃጅና ሚኒባስ ሲጠጋጋ እንደሚሆነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ዝዋይ በሌሊት ለሚነዳ ግን በ300 ሜትር ውስጥ ሰሚ ላይኖር ይችላል። ያኔ መኪናው መልእክቱን እንደ አደራ ይዞ ይጓዛል፤ ሌላ መኪና ሲያገኝ ያስረክባል።

የመጨረሻው ሕግ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ መልእክት የሚያበቃበት ሰዓትና የሚያገለግልበት ቦታ ተወስኖለት ይላካል። አደጋው ካለፈ በኋላ የሚዞር ማስጠንቀቂያ መስመሩን ያጨናንቃል፤ ሰውም ማስጠንቀቂያን እንዲንቅ ያደርገዋል።

ሾፌሮቻችንና ረዳቶቻችን ይህን ሕግ ዛሬውኑ፣ ያለ መሣሪያ፣ ሊፈጽሙት ይችላሉ። መኪናው ተጠግኖ ሲነሣ የደረደራችሁትን ድንጋይ አንሡ። በጨለማ አስፋልት ላይ የቀረ ድንጋይ ራሱ አደጋ ነውና።