ተፈጥሮና ሙያ በጨዋታ ውስጥ

በአገራችን በተሠራው የስልክ ጨዋታ በ«ኩኩሉ» ዶሮዋን ከገበሬው የሚያስመልጣት የተጫዋቹ የጣት ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ግን ችሎታውን ለገጸ ባሕርዩ ሰጠ፤ 6 የተፈጥሮ ባሕርያት መደበለት፤ እያንዳንዱም ባለ 6 ገጽ ዳይስ 3 ጊዜ ተጥሎ ከ3 እስከ 18 ይወሰናል። የኮምፒዩተር ጨዋታዎችም ይህን ወርሰዋል።

ተፈጥሮንና ሙያን እንለይ። ከመገናኛ ቦሌ የሚመላለስ የታክሲ ረዳት ብንቀርጽ፥ ቅልጥፍናው ተፈጥሮ ነው፤ መልስ ሳያሳስቱ መስጠት ግን በሥራ የሚገኝ ሙያ ነው። በፈተና ጊዜ ሁለቱ ከዳይሱ ጋር ይደመራሉ። ተፈጥሮ እስከ 10፥ ሙያ እስከ 2 ብቻ ቢጨምር፥ በተፈጥሮ የታደለው ሰነፍ ትጉሁን አብዛኛውን ጊዜ ይረታል፤ ጨዋታውም ትምህርት ከንቱ ነው ብሎ ያስተምራል። ስለዚህ ሙያ ቢያንስ ከተፈጥሮ እኩል ይመዘን እንላለን።