ሳይቃጠል በቅጠል

በየሰፈራችን ልጅ ተቃጠለ ሲባል «ምን ይደረግ፣ ክፉ ቀን ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የቤት ቃጠሎ እንደ መብረቅ ከሰማይ አይወርድም። መነሻው ይታወቃል፤ መነሻው የታወቀ ነገር ደግሞ መከላከያ አያጣም። ነገ መምህራን ስለምንሆን ይህን ማወቅ ይገባናል በማለት ከዚህ በታች በአጭሩ አቀርባለሁ።

ሀ/ መነሻው
በብዙ ቤት ምድጃው መሬት ላይ ነው። ጉልቻውም ሆነ የከሰል ምድጃው ለሚድህ ሕፃን እጅ ቅርብ ነው። ጀበናውና የሽሮው ድስትም እዚያው ናቸው። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ቆዳን በጥልቀት ያቃጥላል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። እንግዲህ ገምቱት!

ለ/ መከላከያው
1. ምድጃውን ከፍ ባለ መደብ ላይ መሥራት፤ ካልተቻለ ዙሪያውን ማጠር።
2. የድስት እጀታ ወደ ግድግዳ ማዞር። ትኩስ ነገር የጠረጴዛ ልብስ ላይ አለማስቀመጥ፤ ሕፃን ጨርቁን ይስባላ!
3. ልጅ ታቅፎ ትኩስ ሻይና ቡና አለመጠጣት።
4. ኩራዝ እየበራ ላምባ አለመጨመር፤ ላምባን ከቤንዚን ጋር ከቶ አለመቀላቀል።

ሐ/ አደጋ ከደረሰ
የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፤ ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን እየቀዱ። ሌላው ገላ እንዳይበርደው በጋቢ ይሸፈን። ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ የተጣበቀ ልብስ ግን አይላጥ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ቁስሉን ለመመርቀዝ ያጋልጣሉ እንጂ አያድኑም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

መ/ ዝም የማይባልበት ጉዳይ
የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ «ይጋባል» ተብሎ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሰው እያየ ሰው ይቃጠላል ማለት ነው። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ በመንካትም፣ በአረፋም፣ በትንፋሽም አይጋባም። መድኃኒትም አለው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳም። መጀመሪያ ከእሳቱ ጎትቶ ማውጣት ነው። አንድ ተማሪ እንኳ ይህን አውቆ ቢያድግ የአንድ ሰው ነፍስ ሊተርፍ ይችላል።

ታዲያ ይህን ትምህርት ለማን እናስተምር? «ለእናቶች ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን እናት ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ስትሄድ ሕፃኑን የሚጠብቀው ማነው? ብዙውን ጊዜ ታላቅ እኅቱ ናት፤ እሷም የ3ኛ ወይም የ4ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። ስለዚህ ትምህርቱ ለእሷም ነው።

ጓደኞቼ፤ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንድ የቤት ሥራ እንስጥ። ተማሪዎቹ ከቤታቸው ምድጃ እስከ ሕፃኑ መቀመጫ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክተው ይምጡ፤ ቁጥሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጻፈው፤ እንዴት እንደሚርቅም ራሳቸው ይንገሩን። ሒሳብም ይሆናል፣ ጤና አጠባበቅም ይሆናል።