ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፦ መንገዱ የእግረኛ ነው

ሆሳዕና በቡታጅራና በወራቤ በኩል ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለሆነች የስብሰባ እንግዳ አይጠፋትም፤ አልጋ ቀደም ብለው ይያዙ። ቧንቧውን ከፍተው ሳያዩ ግን ሒሳብ አይክፈሉ። እኔ ያደርኩበት ሆቴል በሩ ላይ «24 ሰዓት ሙቅ ውሃ» ብሎ ለጥፏል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ አልወጣም። ጠዋት ስጠይቅ «ውሃ በፈረቃ ነው» አሉኝ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ይህን መናገር ምን ይከብዳቸው ነበር?

ከቡላ የሚሠራውን አታካና ሳይበሉ ከከተማዋ አይውጡ። ቡላው በቅቤና በወተት በስሎ ትኩሱን ይቀርባል፤ ቅቤው ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ነው የሚጣፍጠው። ጊዜ ስለሚወስድ ቀድመው ይዘዙ።

ከሆሳዕና በአንጋጫ አድርጎ ዱራሜ የሚያደርሰውን መንገድ በቀን ብርሃን ይሂዱበት። ሀድያና ከምባታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች ናቸው፤ ከእንሰቱ ጀርባ ሁሉ ቤት አለ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚሄደው በመንገዱ ዳር ነው። በገበያ ቀን ሴቶች በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አዝለው በሰልፍ ይመጣሉ፤ ከኋላቸው በግ የሚነዳ ልጅ አለ፤ ጡሩምባ ሲነፋ በጉ የሚሮጠው ወደ መኪናው ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ይህ ሁሉ ሰው ከዓይን ይሰወራል። ሹፌሮች ግን ጡሩምባቸውን ተማምነው ይበራሉ፤ ይህ በጣም ያናድደኛል። ሚኒባስ ውስጥ ከሆኑ «ቀስ በል» ለማለት አይፈሩ፤ ተሳፋሪው ያግዝዎታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን ጭራሽ አይንቀሳቀሱ።

በዚሁ መንገድ ብዙ መንገደኛ ሽቅብ አይቶት የሚያልፈው ተራራ አምባሪቾ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ወደ ጫፉ የሚያወጡት ደረጃዎች 777 ናቸው። በጠዋት ይጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ሊሸፍነው ይችላል። ጉልበትዎ ቢዝል እያረፉ ይውጡ እንጂ ከመሃል አይመለሱ፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ማሳውና እንሰቱ ጎጆዎቹን እንዴት እንደከበቧቸው የሚገባዎት ያኔ ነው። በዚህ አካባቢ ከዚህ የሚበልጥ እይታ አላገኘሁም።

በመስከረም የሀድያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በዓላት ስለሚከበሩ መጓጓዣ ይጨናነቃል፤ ቲኬትዎን አስቀድመው ይቁረጡ። ከዱራሜ በሃላባ ቁሊቶ በኩል የሻሸመኔና ሶዶ መንገድ ላይ ይወጣሉ። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርዱ ሁሉ ለከምባታ አንድ ቀን ይጨምሩ።